ካታሊስቱን ማስወጣት፣ ማጽዳት ወይስ መቀየር?

«ይቺን ነገር ቆርጠን እንጣላት፤ መኪናዋ ትተነፍሳለች።»

የቼክ ኢንጂን መብራት በርቶበት ጋራዥ የገባ ሰው ይህን ምክር ሳይሰማ አይወጣም። መኪናዋ ዳገት ላይ ትለግማለች። ኮምፒውተር ሲሰካባት ፒ0420 የሚል ኮድ ታወጣለች። ከዚያ በኋላ ምርጫው ሁለት ብቻ ይመስላል፤ ወይ ኪስ የሚያራቁተውን አዲስ ካታሊቲክ ኮንቨርተር (በአጭሩ ካታሊስት) መግዛት፣ ወይ ያለውን ቆርጦ በቦታው ተራ ቱቦ መበየድ።

ምርጫው ግን ከሁለት ይበልጣል። ከሁሉም የሚረክሰው ደግሞ ማንም ሳያነሳው ይታለፋል፤ እሱም ካታሊስቱን ጨርሶ አለመንካት ነው።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። መንገድ ላይ ለሚነዳ መኪና ማስወጣት ከሁሉም የከፋው ምርጫ ነው። ይህን የምለው ለሕጉ ብዬ ብቻ አይደለም፤ ሰዎች «አስወጥቼው ተገላገልኩ» ሲሉ ያገኙት ጥቅም አብዛኛውን ጊዜ ከማስወጣቱ የመጣ ስላልሆነ ነው። እንዴት የሚለውን ወረድ ብለን እናያለን። እዚህ የማወራው ስለ ቤንዚን መኪና ነው። ናፍጣ የራሱ የጥላሸት ማጣሪያ፣ የራሱም ጣጣ አለው።

ዕቃው ምን ይሠራል?

ከውጭ ሲታይ ትንሽ ማርሚታ ይመስላል። የሚቀመጠው ከሞተሩ ቀጥሎ፣ ከማርሚታው በፊት ነው። ውስጡ ግን ባዶ ሣጥን አይደለም። እንደ ማር እንጀራ የተቦረቦረ ሸክላ አለው፤ በተለመደው ዓይነት በአንድ ስኩዌር ኢንች ላይ 400 ያህል ቀዳዳ ይገኛል። በቀዳዳዎቹ ግድግዳ ላይ ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም በጣም ስስ ሆነው ተቀብተዋል። ጭሱ በእነዚህ ቀዳዳዎች ሲያልፍ መርዛማው ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለወጣል። ሳይቃጠል የወጣው ቤንዚን ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። የናይትሮጅን ኦክሳይዶቹም ወደ ተራ ናይትሮጅን ይመለሳሉ። ጤነኛና የሞቀ ካታሊስት ከእነዚህ ጎጂ ጋዞች ከ90 በመቶ በላይ ያስቀራል።

«የሞቀ» የሚለውን ልብ በሉ። ሥራ የሚጀምረው ከ250 እስከ 300 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲደርስ ነው። ለዚህ ነው መኪና ጠዋት ሲነሳ የሚወጣው ጭስ የሚከረፋው። አምራቾች ካታሊስቱን ወደ ሞተሩ እያስጠጉ የመጡትም ቶሎ እንዲሞቅ ብለው ነው።

ለመኪና የሚሆን ካታሊስት በ1950ዎቹ የሠራው ዩጂን ሁድሪ የሚባል፣ ወደ አሜሪካ የተሻገረ ፈረንሳዊ መሐንዲስ ነው። ያኔ ግን ቤንዚን ውስጥ እርሳስ ይጨመር ነበር፤ እርሳስ ደግሞ ለካታሊስት መርዝ ነው። በገፍ መገጠም የጀመረው እርሳስ አልባ ቤንዚን ሲመጣ፣ እ.ኤ.አ. በ1975 የአሜሪካ ሞዴሎች ላይ ነው። ካታሊስትን የሚገድለው እርሳስ ብቻ እንዳልሆነ ወደ ኋላ ስለምመለስበት ነው ይህን ማንሳቴ።

ሁለት በሽታ፣ አንድ ስም

ሰው ከሁሉም በላይ የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። «ካታሊስቱ ሄዷል» ሲባል ሁለት ፈጽሞ የተለያዩ ነገሮች ማለት ሊሆን ይችላል።

አንደኛው መድከም ነው። ጭሱ እንደ ልቡ ያልፋል፤ ካታሊስቱ ግን ማጣራቱን ትቷል። ፒ0420 የሚናገረው ይህንን ነው። ሞተሩ ሁለት ጎን ካለው የሁለተኛው ጎን ኮድ ፒ0430 ነው። በዚህ ሁኔታ መኪናዋ ጉልበት አትቀንስም። ሾፌሩ ከመብራቱ በቀር ምንም ላያስተውል ይችላል።

ሁለተኛው መዘጋት ነው። ሸክላው ቀልጦ ወይም ተሰባብሮ መንገዱን ዘግቷል። ሞተሩ ጭሱን ማስወጣት ሲያቅተው አዲስ አየር ማስገባትም ያቅተዋል። መኪናዋ ስትነሳ ደህና ናት፤ ቤንዚን ሲረገጥላት ግን ታንቃለች። ወለሉ ከሥር ይግላል። ይህ ሁሉ እየሆነ ፒ0420 ላይወጣ ይችላል።

ስለዚህ ፒ0420 ብቻ አይቶ «ተዘግቷል፣ ይውጣ» የሚል መካኒክ ካጋጠማችሁ ሁለቱን በሽታዎች እያምታታ ነው። በምን እንዳረጋገጠው ጠይቁት።

መድከሙን ለማወቅ ስካነሩን ሰክቶ የኦክሲጅን ሴንሰሮቹን ቀጥታ ንባብ ማየት ነው። አንዱ ሴንሰር ከካታሊስቱ በፊት፣ ሌላው ከኋላው ይቀመጣል። በተለመደው ዓይነት የፊተኛው ከ0.1 እስከ 0.9 ቮልት ያለማቋረጥ ይዋዥቃል። የኋለኛው ሞተሩ ከሞቀ በኋላ በ0.6 እና በ0.7 ቮልት አካባቢ ረጋ ብሎ መቀመጥ አለበት። የኋለኛው የፊተኛውን እየተከተለ ከወጣና ከወረደ ካታሊስቱ ኦክሲጅን መያዝ አቅቶታል ማለት ነው። አዳዲስ መኪኖች ፊት ላይ ሌላ ዓይነት ሴንሰር ስላላቸው እነሱ ላይ የኋለኛውን ብቻ ማየት ይሻላል።

ግን ቆይ። የኋለኛው ሴንሰር ንባብ የሚረበሸው በካታሊስቱ ብቻ አይደለም። ከሴንሰሩ በፊት የጭስ ቱቦው ላይ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ካለ የውጭ አየር ይገባል፤ ሴንሰሩም ይታለላል። ጋስኬቱ፣ ማለትም የመጋጠሚያው ማሸጊያ፣ ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል። ሴንሰሩ ራሱ አርጅቶም ይሆናል። አንዳንድ ሞዴል ላይ ደግሞ አምራቹ የኮምፒውተሩን ሶፍትዌር አድሶ ችግሩን የፈታበት ጊዜ አለ። እነዚህ ሁሉ ከካታሊስት ዋጋ ጋር ሲተያዩ ኢምንት ናቸው።

መዘጋቱ የሚለካው በጌጅ ነው። የፊተኛው ሴንሰር ይፈታና በቀዳዳው የግፊት ጌጅ ይገባል። ብዙ መካኒኮች የሚይዙት መለኪያ ይህ ነው፤ በሚኒሞ (ሞተሩ ተነስቶ ቤንዚን ሳይረገጥ) ከ0.1 ባር፣ በደቂቃ 2,500 ዙር ላይ ደግሞ ከ0.2 ባር መብለጥ የለበትም። ከዚያ ካለፈ መንገዱ ጠቧል።

የግፊት ጌጅ ከሌለ የቫኪዩም ጌጅ ይሠራል፤ እኔ እንዲያውም ይህንን እመርጣለሁ፤ ዓይን ላይ ግልጽ ነውና። ጌጁ ሞተሩ አየር በሚስብበት ማኒፎልድ ላይ ይሰካል። ጤነኛ ሞተር ባሕር ወለል ላይ በሚኒሞ ከ17 እስከ 21 ኢንች ያነባል። ከፍታ ላይ በየ300 ሜትሩ 1 ኢንች ያህል ስለሚቀንስ ዝቅ ብሎ ቢያነብ አትደንግጡ። አሁን ረዳቱ ቤንዚኑን ረግጦ 2,500 ዙር ላይ ይያዝ። መርፌው መጀመሪያ ወደ ታች ይወድቃል፣ ወዲያው ተመልሶ ይወጣል፣ እዚያው ይቆማል። ጤነኛ ከሆነ ማለት ነው። የተዘጋ ከሆነ መርፌው ከወጣ በኋላ ቀስ በቀስ፣ ሰከንድ በሰከንድ ይንሸራተታል። እግሩ አልተነቃነቀም፣ ዙሩ አልተለወጠም፣ መርፌው ግን ይወርዳል። ጭሱ ከኋላ እየተጠራቀመ ነው።

ሸክላው መሰበሩን ለማወቅ ደግሞ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ካታሊስቱን በጎማ መዶሻ መታ መታ ማድረግ ነው። ውስጡ ከተንኮሻኮሸ አልቆለታል። በሴንሰሩ ቀዳዳ ቀጭን ካሜራ ማስገባት ከተቻለማ ጥርጣሬ አይኖርም። ደህናው ቀዳዳዎቹ እኩል ሆነው ይታያሉ፤ የቀለጠው ፊቱ ተድፍኖ እንደ ብርጭቆ ያብለጨልጫል።

ምርጫ አንድ፦ ካታሊስቱን ትቶ ገዳዩን መፈለግ

ካታሊስት በራሱ ጊዜ አይሞትም ማለት ይቻላል፤ የሚገድለው አለ። ውስጡ ምንም የሚያልቅ ነገር ስለሌለው በደህና ሞተር ላይ ከ150 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ መሄድ ለእሱ ብርቅ አይደለም።

ዋነኛው ገዳይ የሲሊንደር እሳት መሳት ነው። ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው ካንዴላ ሲያረጅ ወይም ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ኮይል ሲደክም አንዱ ሲሊንደር ቤንዚኑን ሳያቃጥል ይተፋዋል። ያ ቤንዚን ካታሊስቱ ውስጥ ገብቶ እዚያ ይቃጠላል። ሙቀቱ ከ1,000 ዲግሪ ሲያልፍ መዓድኖቹ ይጎዳሉ፤ ከዚያም ሲብስ ሸክላው ራሱ ይቀልጣል። የቼክ ኢንጂን መብራት ዝም ብሎ ከመብራት አልፎ ብልጭ ድርግም የሚለው ለዚህ ነው። «አሁኑኑ እግርህን አንሳ፣ ካታሊስቱን እያቃጠልክ ነው» እያለ ነው። ብልጭ ድርግም እያለ ረጅም መንገድ የነዳ ሰው የአንድ ኮይል ዋጋ አተርፋለሁ ብሎ ካታሊስቱን ይከፍላል።

ሁለተኛው ዘይት ነው። የሞተር ዘይት ውስጥ ፎስፈረስና ዚንክ አለ። ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ያረጀ፣ ዘይት የሚበላ ሞተር እነዚህን ከጭሱ ጋር ወደ ካታሊስቱ ይልካል፤ መዓድኑን እየለበጡ ይሸፍኑታል። የቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ጋስኬት አሳልፎ የራዲያተር ኩላንት የሚቃጠል ከሆነም ውጤቱ ያው ነው። ለሴንሰር ተስማሚ ያልሆነ ሲሊኮን ማሸጊያ እንኳ ጉዳት ያደርሳል።

ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ ካላችሁ፣ ገዳዩን ሳታገኙ አዲስ ካታሊስት መግጠም ለገዳዩ ሌላ ሟች ማቅረብ ስለሆነ ነው። ዘይት የምትበላ መኪና ላይ የገባ አዲስ ካታሊስት ዕድሜው በዓመት ሳይሆን በወር ሊቆጠር ይችላል።

እናም ኮዱ የወጣው በስንጥቅ ወይም በሴንሰር ከሆነ፣ ወይም ካታሊስቱ መድከም ጀምሮ ገና ካልወደቀ፣ ምርጫ አንድ ይበቃል። ካንዴላ፣ ጋስኬት፣ ሴንሰር። አለቀ።

ምርጫ ሁለት፦ ማጽዳት

እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። ታንከር ውስጥ የሚጨመሩት ጠርሙሶች ጥላሸትን ሊያቀሉ ይችሉ ይሆናል። የቀለጠ ሸክላ አያስተካክሉም፤ በፎስፈረስ የተለበጠ መዓድንም አይገልጡም። መኪናዋ ሁልጊዜ አጭር አጭር መንገድ ብቻ የምትሄድ ከሆነ ሞተሩ በደንብ ሞቆ ከፍ ባለ ዙር ረጅም መንገድ መንዳቱ ያው ጥቅም አለው፤ ነፃም ነው። አስፈትቶ በሳሙናና በውሃ መዘፍዘፍ ወሬው ከውጤቱ ይበልጣል። በከፍተኛ ግፊት ውሃ መምታት ደግሞ ያልተሰበረውን ለመስበር ነው። ጥላሸት ብቻ እንደሆነ ካልተረጋገጠ ገንዘቡን ለሚቀጥለው ምርጫ አስቀምጡት።

ምርጫ ሦስት፦ መቀየር

መቀየር ራሱ አራት መንገድ አለው፤ ልዩነታቸውም ሰፊ ነው።

የአምራቹ ኦሪጅናል ከሁሉም ይወደዳል። የሚወደደው የመኪናው ማርክ ስላለበት ብቻ አይደለም፤ ውስጡ ያለው መዓድን ይበዛል። ቡሎን ለቡሎን ይገጥማል፣ ኮዱም ተመልሶ የመምጣት ዕድሉ ትንሽ ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ግን ዋስትናውን እዩ። በአሜሪካ ለምሳሌ የፌዴራሉ ሕግ ካታሊስት ለ8 ዓመት ወይም ለ80 ሺህ ማይል፣ ማለትም ወደ 129 ሺህ ኪሎ ሜትር፣ በአምራቹ ዋስትና ሥር እንዲሆን ያስገድዳል። ይህን ሳያውቅ ከኪሱ የሚከፍል ሰው ሞልቷል።

ከሌላ ፋብሪካ የሚመጣው ተተኪ ዕቃ ለአብዛኛው ሰው ትክክለኛው ምርጫ ነው፤ በአንድ ቅድመ ሁኔታ። በጣም ርካሹን አትግዙ። የውጭ ቆርቆሮው አንድ ዓይነት ሆኖ ውስጡ ያለው መዓድን በጣም ሊለያይ ይችላል፤ ፋብሪካው ዋጋ የሚቀንሰው ከዚያ ነውና። ርካሹ ለጥቂት ወር ይሠራል፣ ከዚያ ፒ0420 ተመልሶ ከች ይላል። የአውሮፓ ገበያ ዕቃ ከሆነ ክብ ውስጥ «ኢ» ፊደልና ቁጥር ያለበት ማኅተም ይኑረው፤ ተተኪ ካታሊስቶችን የሚመለከተው የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 103 ነው። የካሊፎርኒያ ደረጃ ያለው ከሆነ የፈቃድ ቁጥሩ ቆርቆሮው ላይ ተቀርጾ ይገኛል። ማኅተም የሌለው፣ ቁጥር የሌለው፣ «ለሁሉም መኪና ይሆናል» የተባለ ዕቃ ፊት ረጋ በሉ። በብየዳ የሚገጠም ሁሉ መጥፎ ነው ማለቴ ግን አይደለም። የሞተሩን መጠንና የልቀት ደረጃ አይቶ የተመረጠ ከሆነ በብየዳ የገባውም ደህና ይሠራል።

አሮጌ፣ ከሌላ መኪና የተፈታ ካታሊስት ሎተሪ ነው። ያም ሆኖ ሎተሪውን የሚያሻሽል ነገር አለ። ተመሳሳይ ሞተር ካላት፣ ተጋጭታ ከቆመች መኪና የወጣ ከሆነ ይሻላል። ግጭት ካታሊስትን አያደክምም። በሞተር ብልሽት ከቆመች መኪና የወጣውን ግን ተዉት፤ ሞተሩን የገደለው እሱንም ሳይነካው አይቀርም። በእጃችሁ ያዙትና አንቀጥቅጡት፤ መንኮሻኮሽ የለበትም። በአንድ ወገን ባትሪ አብሩበትና በሌላው ወገን እዩ፤ ብርሃኑ በሁሉም ቀዳዳ እኩል መምጣት አለበት። ይህም ሆኖ መዘጋቱን እንጂ መድከሙን በዓይን ማየት አይቻልም።

አራተኛው ከሸክላ ይልቅ በብረት ፎይል የተሠራው፣ የስፖርት የሚባለው ነው። ቀዳዳው በስኩዌር ኢንች 200 ያህል ስለሆነ ጭሱ ይቀለዋል። ፍጥነት ለሚወድ፣ ነገር ግን ጨርሶ ማስወጣት ለማይፈልግ ሰው መሃለኛ መንገድ ነው። የሚያጣራው ከመደበኛው ያነሰ ስለሚሆን ኮድ ሊያወጣ እንደሚችል፣ የቴክኒክ ምርመራም ላያልፍ እንደሚችል አውቃችሁ ግቡበት።

ምርጫ አራት፦ ማስወጣት

ሦስት ዓይነት አሠራር አለ። አንዱ ቆርጦ ቀጥ ያለ ቱቦ መበየድ ነው። ሌላው ቆርቆሮውን ትቶ ውስጡን በመሮ መፈልፈል። ሦስተኛው ከሁለቱ በአንዱ ላይ የሚጨመር ነው፤ የኋለኛውን ሴንሰር በመሸወጃ ቁራጭ ማራቅ ወይም ኮምፒውተሩ ሴንሰሩን እንዲረሳ በሶፍትዌር ማድረግ።

ደጋፊዎቹ የሚሉትን እንይ።

«ጉልበት ይጨምራል።» እዚህ ላይ ነው ሰው በቅንነት የሚሳሳተው። ካታሊስቱ ተዘግቶ የነበረ መኪና ሲወጣለት በእርግጥ ይፈነጥዛል። ግን ንጽጽሩ ከተዘጋው ጋር ነው። ደህና አዲስ ካታሊስት ቢገባለትም ያው ደስታ ይመጣ ነበር። ከጤነኛ ካታሊስት ጋር ከተወዳደረ በተራ የመንገድ መኪና ላይ ልዩነቱ በእግር ሊሰማ የማይችል ነው። ድምፁ ስለሚጎላ ግን ጆሮ «ፈጥናለች» ይላል።

«ቤንዚን ይቆጥባል።» ኮምፒውተሩ በመደበኛ አነዳድ ለ1 ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ አየር ያህል እያመዛዘነ የሚሰጠው በዋናነት የፊተኛውን ሴንሰር እያየ ነው። ካታሊስቱ ኖረም አልኖረም ልኬቱ አይለወጥም። ተዘግቶ ከነበረ ፍጆታው ይስተካከላል፤ ካልነበረ ቁጠባ ከየት ይመጣል?

«ሞተር ትንሽ ግፊት ስለሚፈልግ ካታሊስቱ ከወጣ ይጎዳል።» ይህ ደግሞ የተቃዋሚዎቹ ነው፤ እሱም ልክ አይደለም። ሞተር የሚፈልገው የጭሱ ፍጥነት ተጠብቆ እንዲወጣ እንጂ ከኋላ እንዲታፈን አይደለም። ማስወጣትን ለመቃወም የውሸት ምክንያት አያስፈልገንም፤ እውነተኛው ይበቃል።

እውነተኛው ይኸውና። ሽታው ወዲያው ይለወጣል፤ ከኋላችሁ የቆመው ሾፌር ያውቃል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ሽታ የለውም። ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ ሳይጣራ ሲሄድ፣ ከሥር አንድ ብየዳ ቢያፈስና ወለሉ ላይ ቀዳዳ ቢኖር፣ ወደ ውስጥ የሚገባው ጋዝ በጤነኛ ካታሊስት ካለፈው እጅግ የበለጠ መርዛማ ነው። ሞተሩን አስነስቶ ጋራዥ ውስጥ ማሞቅ በማንኛውም መኪና አደገኛ ነው፤ ካታሊስት በሌለው ደግሞ ይብሳል።

መብራቱ አይጠፋም። ካልሸወዱት ሁልጊዜ በርቶ ይኖራል፤ ነገ ሌላ ብልሽት ቢመጣ የሚያስጠነቅቃችሁ የለም። ከሸወዱት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። የኋለኛው ሴንሰር በብዙ መኪና ላይ የቤንዚኑን ልኬት በስሱ ለማረም ጭምር ያገለግላል፤ የተሸወደ ሴንሰር ትክክለኛ እርማት አይሰጥም።

ውስጡን መፈልፈል ከሁሉም የባሰው ነው። ባዶው ሆድ ውስጥ ጭሱ ይሰፋና ይሽከረከራል፤ የሚያደነቁር ጉምጉምታ ይመጣል፣ ፍሰቱም ከቀጥታ ቱቦ ያነሰ ይሆናል። ሠራተኛውም ሳይታወቀው የሸክላ ብናኝና በዙሪያው ያለውን የመጠቅለያ ቃጫ ይተነፍሳል። ይህ ለሳንባ ጠንቅ ነው። ያለ ጭንብል መሮ ይዞ የሚቀመጥ ካያችሁ ቢያንስ ንገሩት።

ሕጉን በአጭሩ። በአሜሪካ የንጹሕ አየር ሕግ የጭስ መቆጣጠሪያ ዕቃ ማንሳትም ሆነ እንዳይሠራ ማድረግ ክልክል ነው፤ ክልከላው ጋራዡንም ባለቤቱንም ይመለከታል። በብሪታንያ ደግሞ ከፋብሪካ ሲወጣ ካታሊስት የነበረው መኪና ካታሊስት ሳይኖረው ለዓመታዊው ምርመራ ከቀረበ ይወድቃል። ተመሳሳይ ሕግ ያላቸው አገሮች ብዙ ናቸው፤ የእናንተን ከመቁረጣችሁ በፊት እወቁ።

ደግሞ አንድ ማንም የማያነሳው ነገር አለ። የወጣው ካታሊስት የት ይሄዳል? ውስጡ ያለው ሮዲየም እ.ኤ.አ. በ2021 ዋጋው ጣሪያ ሲነካ ከወርቅ ከ10 እጥፍ በላይ ይሸጥ ነበር። መዓድኑን አቅልጠው የሚያወጡ ድርጅቶች አሮጌ ካታሊስት ይገዛሉ፤ ሌቦች መኪና ሥር ገብተው የሚቆርጡትም ለዚሁ ነው። «በነፃ አወጣልሃለሁ» ወይም «በርካሽ እሠራልሃለሁ፣ አሮጌውን ተውልኝ» ያላችሁ ሰው ውለታ እየዋለላችሁ አይደለም። ዕቃችሁን እየገዛ ነው፤ ዋጋውንም የተናገረው እሱ ብቻ ነው። አሮጌው የእናንተ ንብረት ነው፤ ብትቀይሩም ውሰዱት ወይም ዋጋውን ከሂሳብ አስቀንሱ።

ማስወጣት አግባብ የሚሆንበት ቦታ የለም ማለት አልችልም። በዝግ ሜዳ ብቻ የሚነዳ፣ ሰሌዳ የሌለው የውድድር መኪና አለ። ለምርመራ ሲባል ለጥቂት ደቂቃ ቡሎኑን ፈትቶ ጉልበቱ ተመለሰ ወይ ብሎ ማየትም አለ። ሌላው ሁሉ ሰበብ ነው።

አንድ ሰበብ ግን በቁም ነገር መመለስ አለበት። ካታሊስቱ ከሞተሩ ጋር ተጣብቆ በተሠራባቸው መኪኖች ላይ ሸክላው መፍረስ ሲጀምር ብናኙ ወደ ሲሊንደር ተመልሶ ሊሳብ ይችላል፤ ፋሻና ሲሊንደር ይፍቃል። «ሞተሬን ከሚበላብኝ ይውጣ» የሚለው ፍርሃት መሠረት አለው። መልሱ ግን ቶሎ መቀየር ነው። የፈረሰ የፊት ካታሊስት ያለው መኪና «ለጊዜው ልንዳው» የሚባል አይደለም።

እንግዲህ የትኛውን?

መብራት በርቶ ጉልበቱ ደህና ከሆነ ስንጥቅና ሴንሰር አስፈትሹ፤ ካንዴላና ኮይል እዩ፤ የዘይት መጠን ተከታተሉ። ካታሊስቱ በእርግጥ መድከሙ በንባቡ ከተረጋገጠ ማኅተም ያለው ተተኪ ግዙ። አንገብጋቢ አይደለም፤ ገንዘብ እስኪሞላ መኪናዋ አትቆምም።

ጉልበት ጠፍቶ ጌጁ መዘጋቱን ካሳየ ግን ቀጠሮ የለውም። የታፈነ ሞተር ይግላል፣ ቫልቮቹም አብረው ይቃጠላሉ። እዚህ ላይ ገንዘብ ካጠረ የተመረመረ አሮጌ ካታሊስት ከቀጥታ ቱቦ ይሻላል።

መኪናዋ ዘይት እየበላች ከሆነ ውድ ካታሊስት አትግዙላት። መጀመሪያ ሞተሩ ይሠራ። ሞተር ለማሠራት አቅም ከሌለና መኪናዋ ልትሸጥ ከሆነ ለገዢው እውነቱን ነግሮ ዋጋ መቀነስ ይሻላል። አስወጥቶና መብራቱን ሸውዶ መሸጥ ማጭበርበር ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

አስወጥታችሁ የነበራችሁስ? መመለስ ይቻላል። አሮጌው ፍላንጅ (በቡሎን የሚታሰረው ጠርዝ) ተቆርጦ ከተጣለ ብየዳ ይጨምራል፣ የሴንሰሩን ቀዳዳ ቦታም ማስተካከል ያስፈልጋል። ሶፍትዌሩ ተነክቶ ከሆነ ወደ ነበረበት መመለሱን አትርሱ፤ አለዚያ አዲሱ ካታሊስት ቢሞትም አታውቁም።

ጋራዥ ስትገቡ ይህን ያዙ። የሴንሰሮቹን ንባብ በስካነር አሳዩኝ በሉ። ጌጅ ካለ አስለኩ። ቡሎኖቹ በሙቀት ስለሚነክሱ ዝገት ማላቀቂያ ቀድሞ ይረጭ፣ ሴንሰሩም ሞተሩ ለብ ሲል ይፈታ። አዲሱ ሲገጠም ጋስኬቱ አዲስ ይሁን፤ በሲሊኮን ልድፈነው የሚል ካለ ከልክሉት።

ከተገጠመ በኋላ ኮዱ ይጠፋል። ኮዱ ስለጠፋ ግን ምርመራው አልፏል ማለት አይደለም። ኮምፒውተሩ የካታሊስት ፍተሻውን እንደገና ጨርሶ «ዝግጁ» እስኪል ድረስ የተወሰኑ ቀናት የተደባለቀ መንገድ መነዳት አለበት፤ ከቀዝቃዛ መነሳት፣ ከተማ ውስጥ መሄድ፣ ከዚያ ረዘም ያለ እኩል ፍጥነት። ለቴክኒክ ምርመራ በዋዜማው ኮድ አስጠፍቶ መሄድ ዋጋ የሌለው ለዚህ ነው። ፍተሻው ተጠናቆ ፒ0420 ካልተመለሰ ጨርሳችኋል። ከተመለሰ ወደ ዕቃ ሻጩ ከመሮጣችሁ በፊት የጭስ ቱቦውን ስንጥቅ አንድ ጊዜ ደግማችሁ እዩ።